«ጉርብትና» ወይስ «መስተጋብር»? ስለ ክሮማቲን ጥናት ስያሜዎች

የክሮማቲንን አቀማመጥ የሚመረምሩ የላቦራቶሪ ዘዴዎች ወደ አማርኛ ሲመለሱ፣ ተርጓሚውን የሚያስቸግረው የመሣሪያው ወይም የኬሚካሉ ስም ሳይሆን የተለካው ነገር ስያሜ ነው። «መስተጋብር» የሚለው ቃል ቀድሞ ይመጣል፤ ተገቢነቱን ግን ከዘዴዎቹ አሠራር አንጻር መመርመር ይኖርብናል።

ክሮማቲን ዲኤንኤ ከፕሮቲኖች ጋር ተጣምሮ የሚገኝበት ክር ነው። በአንድ የሰው ሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ሆኖም በዓይን በማይታይ ኑክሊየስ ውስጥ ታጥፎ ይኖራል። በመሆኑም በክሩ ላይ የተራራቁ ሁለት ክፍሎች በስፍራ ሊቀራረቡ ይችላሉ።

ይህን ልዩነት የመርካቶ አነጋገር ያብራራልናል። «ተራህን ጠብቅ» ስንል «ተራ» ቅደም ተከተልን ያመለክታል፤ ሸማ ተራ፣ ሳጥን ተራ፣ ምናለሽ ተራ ሲባል ግን ስፍራን ያመለክታል። የዲኤንኤ ንባብ የፊተኛውን ሲገልጽ፣ እነዚህ ዘዴዎች የሚሹት የኋለኛውን ነው።

ዮብ ዴከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቀረቡት «ስሪ ሲ» በተባለው ዘዴ፣ የተቀራረቡ ክፍሎች በፎርማልዲሃይድ ባሉበት እንዲያያዙ ይደረጋል፤ ክሩ በቆራጭ ኢንዛይም ይቆረጣል፤ ጎን ለጎን የዋሉት ጫፎችም በሌላ ኢንዛይም ይጋጠማሉ። ይህ የሚመረምረው አስቀድመው የተመረጡ ጥንዶችን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው «ሃይ ሲ» ግን ጫፎቹን በባዮቲን ምልክት አድርጎ፣ የተጋጠሙትን ጥንዶች ከመላው ጂኖም ለቅሞ ያነባል፤ ብዛታቸውንም በካርታ ያሰፍራል።

እንግዲህ ካርታው የሚቆጥረው መቀራረብን ነው፤ ያውም ከብዙ ሕዋሳት ተደምሮ እንጂ የአንዱን ሕዋስ ገጽታ አይደለም። በሸማ ተራ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ነጋዴዎች እርስ በርስ ይገበያያሉ ማለት አይቻልም። «መስተጋብር» የሚል ተርጓሚ ግን፣ አንዱ ክፍል በሌላው ላይ ይሠራል የሚል ያልተረጋገጠ ፍርድ በአንባቢው ላይ ይጭናል። «ንክኪ» ደግሞ መነካካትን ግድ ይላል፤ ፎርማልዲሃይድ ግን ክፍሎቹን በመካከላቸው ባሉ ፕሮቲኖች አማካይነትም ያያይዛል።

ስለዚህ ለሚለካው «ጉርብትና»፣ ለውጤቱም «የጉርብትና ካርታ» እንዲባል ሐሳብ እናቀርባለን። «መስተጋብር» አንዱ ክፍል በሌላው ላይ መሥራቱ በሌላ ሙከራ ሲረጋገጥ ብቻ ይግባ። «ተራ» ለማብራሪያ ቢበጅም ለስያሜ አይመችም፤ «ተራ ክሮማቲን» ቢባል አንባቢው «እንደ ነገሩ የሆነ» ብሎ ይረዳዋልና።