ፊደል የለወጠው የጦር አዛዥ

ማንበብ የሚችል ሰው እንደገና መሃይም ሊሆን ይችላል? በቱርክ አገር ሆኗል። ያደረገውም አንድ ወታደር ነው።

ስሙ ሙስጠፋ ከማል ይባላል። በ1915 (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በጋሊፖሊ የእንግሊዝንና የተባባሪዎቿን ጦር ከመከቱት አዛዦች አንዱ ነበር። ከ1919 ጀምሮ አገሩን የያዙትን የውጭ ወታደሮች ተዋጋ። በ1922 ሱልጣኑ ከዙፋን ወረደ፤ በ1923 ሪፐብሊክ ታወጀ፤ እሱም ፕሬዚዳንት ሆነ። የጦር ጀግና እንኳ ብዙ አገር አለው። የሚገርመው ከዚያ በኋላ የሠራው ነው።

ቱርኮች ይጽፉ የነበረው በዐረብ ፊደል ነው። ለቋንቋቸው ግን አይመችም ነበር። ለምን? እናንተ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ ብላችሁ ፊደል ቆጥራችኋል። እስቲ «በ» ብቻ ቀርቶ ሌሎቹ ባይኖሩ አስቡት። «በረ» ተብሎ የተጻፈው በር ይሁን፣ ብር ይሁን፣ በሬ ይሁን ከነገሩ መገመት ነው። የቱርክ ገበሬም ችግሩ ይህን ይመስል ነበር። ደግሞስ ትምህርት ቤቱ የት አለና! በ1927 ከ10 ሰው 9ኙ ያህል አያነብም ነበር።

በ1928 ሙስጠፋ ከማል አዋቂዎችን ሰብስቦ ከላቲን የተወሰደ 29 ፊደል አዘጋጀ። ለውጡ 5 ዓመት ይፈጃል ቢሉት በ3 ወር ያልቃል አለ ይባላል። ራሱ ጠመኔ ይዞ በየከተማው እየዞረ በጥቁር ሰሌዳ ላይ አስተማረ፤ ፎቶግራፉ ዛሬም አለ። ሕጉ በኖቬምበር 1 ቀን ወጣ። በዲሴምበር ጋዜጣው ሁሉ በአዲሱ ፊደል ታተመ። በጃንዋሪ 1929 ለጎልማሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ሴቱም ወንዱም ገባ። ዕድሜውን ሙሉ ሲያነብ የኖረው ሽማግሌም ከማያውቀው ጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ ከመጀመሪያው ፊደል ጀመረ።

በ1934 ሰው ሁሉ የቤተሰብ ስም ያውጣ ተባለ። ለሱ ፓርላማው «አታቱርክ» የሚል ስም ሰጠው፤ የቱርኮች አባት ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሴቶች ፓርላማ የመምረጥና የመመረጥ መብት አገኙ።

ክፉውንም እንናገር። ተቃዋሚ ፓርቲ አላስቆመም። ኩርዶች በገዛ ቋንቋቸው እንዳይማሩ ተከለከሉ። በ1925 ወንዱ ሁሉ ባርኔጣ ይድፋ ተብሎ ሲታዘዝ፣ ከተቃወሙት የተሰቀሉ አሉ። ፊደሉስ ይሁን፤ ለባርኔጣ ሰው መስቀል ለኔ አይዋጥልኝም።

የሞተው ኖቬምበር 10 ቀን 1938፣ ከጧቱ በ3 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነው። እስካሁን በየዓመቱ በዚያች ደቂቃ ጡሩምባ ይነፋል፤ መኪናው ይቆማል፤ መንገደኛውም ባለበት ቀጥ ይላል። መልኩ በገንዘባቸው ላይ ታትሟል።

ፊደሉም ያው ነው። የዛሬው ቱርክ ጋዜጣውን ያለ ችግር ያነባል። የቅድመ አያቱን የመሬት ወረቀት ከሣጥን ሲያወጣ ግን አንዲት ቃል አያውቅም፤ አሮጌውን ፊደል የተማረ ሰው ፈልጎ ያስነብባል።