ክፍት ሥፍራ ለከተማም ለንግድም

ክፍት ሥፍራ ገንዘብ የማያስገባ መሬት ነው የሚል ነጋዴ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የአዲስ አበባ ነገር ሌላ ያስተምራል። በዚያ ብዙው የወንዝ ዳር በቤት ከተያዘ በኋላ፥ በ2011 ዓ.ም. ሸገርን ለማስዋብ የታቀደው የ56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ልማት 29 ቢልዮን ብር እንደሚፈጅ ተገመተ። አስቀድሞ ያልተከለለ መሬት ኋላ በብዙ ዋጋ ይገኛልና።

የይፋት ቆላ ከተሞች፥ ጀውሃና ሸዋ ሮቢት፥ ገና በማደግ ላይ ስለ ሆኑ ይህን ወጪ ማስቀረት ይቻላቸዋል። የጀውሃና የሮቢ ወንዞች ከደጋው ወደ አዋሽ ሲወርዱ በክረምት ይሞላሉ፤ ዳርቻቸው ለዛፍና ለመናፈሻ ቢተው ጎርፉ ማለፊያ ያገኛል፥ የማሾና የሽንኩርት መጋዘንም ከአደጋ ይርቃል። በቆላ ፀሐይ ደግሞ ጥላ ራሱ ለንግድ ይጠቅማል፤ ገበያተኛ ከዋርካ ሥር ይቆያል፥ ከቆየም ይገዛል፤ የደሴ መንገድ ሾፌርም ጥላ ባለበት ይቆማል።

ስለዚህ የከተማ ፕላን ለውይይት በሚቀርብበት ጊዜ፥ ነጋዴው የራሱን ሱቅ ወሰን ብቻ ሳይሆን፥ የወንዙን ዳርቻ፥ የገበያውን ዛፍና የልጆቹን ሜዳ ወሰን አብሮ ይጠይቅ። በካርታ ላይ ያልተሠመረ ሜዳ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቤት ተሠርቶበት ይገኛል።