ነጠላ ዜማ፦ የጀማሪው በርና የባለሙያው ድርሻ

ነጠላ ዜማ ከአልበም ተለይቶ ብቻውን ለአድማጭ የሚቀርብ ዘፈን ነው። ዛሬ አንድ ጀማሪ ኢትዮጵያዊ ድምፃዊ ከሕዝብ ጋር የሚተዋወቀው በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። አሠራሩ በዩቲዩብ ዘመን አዲስ ቢመስልም የዘመናዊው ዘፈን ኅትመት ራሱ የተጀመረው በነጠላ ዜማ ነበር።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ቤት ባለቤት በግሉ ማሳተም ጀመረ። የመጀመሪያ ሥራው የአለማየሁ እሸቴ ዘፈን ነበር። የአምሃ ድርጅት ሥራ እስኪያቆም ድረስ ከ100 በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን አወጣ። እነዚህ ባለ 7 ኢንች ሸክላዎች በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ሲሆኑ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ ዘፈን ይይዛሉ። ለድምፃዊው ይህ ትልቅ ዕድል ነበር፤ ሁለት ጥሩ ዘፈን ያለው ሰው ዐሥር እስኪሞላለት መጠበቅ አላስፈለገውም።

ካሴት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። አንድ ካሴት ዐሥር ያህል ዘፈን ስለሚይዝ ያንኑ ያህል ግጥም፣ ዜማና ቅንብር ይጠይቅ ነበር። ይህን ወጪ ብቻውን የሚችል ጀማሪ ጥቂት በመሆኑ የድምፃዊው ዕጣ ገንዘብ በሚያወጣው ሙዚቃ ቤት ፈቃድ ላይ ተንጠለጠለ። ብዙ ጊዜም ክፍያው አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያበቃ ነበር። በኋላ ካሴትና ሲዲ በሕገወጥ ቅጂ ሲጎዱ አሳታሚው በአዲስ ድምፅ ላይ ገንዘብ ለማውጣት ይበልጥ አመነታ።

ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ነጠላ ዜማን መልሰው አመጡ። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ማይክሮፎን፣ ኪቦርድና ኮምፒውተር ያለው አቀናባሪ ቀድሞ ትልቅ ስቱዲዮ ይጠይቅ የነበረውን ሥራ ይሠራል። ከዚያ ድምፆችን የማመጣጠንና የማጥራት ሥራ (ሚክሲንግና ማስተሪንግ) ይከተላል፤ አቅም ካለ ክሊፕ ይቀረጻል። ዘፈኑን እንደ ስፖቲፋይና አፕል ሙዚቃ ወዳሉ መድረኮች የሚያደርሰው አከፋፋይ ድርጅት ነው። በዚህ ሂደት ለእያንዳንዱ የድምፅ ቅጂ ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ይሰጠዋል፤ ዘፈኑ በየትኛውም አገር ሲደመጥ ገቢው የሚመዘገበው በዚህ መለያ ነው።

በሩ ቢከፈትም ገቢው ወዲያው አይመጣም። በስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ገንዘብ ለማግኘት በ12 ወራት ውስጥ ቢያንስ 1,000 ጊዜ መደመጥ አለበት። ዩቲዩብም ከረጃጅም ቪዲዮዎች የማስታወቂያ ገቢ ለማካፈል 1,000 ተከታይና በአንድ ዓመት ውስጥ 4,000 ሰዓት ዕይታ ይጠይቃል። ስለዚህ ብዙ ጀማሪዎች ዘፈናቸውን ብዙ ተከታይ ላለው ቻናል ይሰጣሉ። አድማጭ በአንድ ቀን ይገኛል፤ ገቢው ግን በቻናሉ በኩል ስለሚያልፍ የድምፃዊው ድርሻ የሚወሰነው በውሉ ነው። በአገር ውስጥም የሙዚቃ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ ከሙያ ባልደረቦቹ ጋር በመሠረተው አውታር በተባለ መተግበሪያ፣ በኋላም በሰዋስው መተግበሪያ፣ አድማጭ ለሙዚቃ በስልኩ የሚከፍልበት አሠራር ተሞክሯል።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የአማርኛ ነጠላ ዜማ ክሊፕ ሲከፈት ከድምፃዊው ስም ቀጥሎ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር እያለ የባለሙያዎች ዝርዝር ይወጣል። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የግጥምና የዜማ ደራሲን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል፤ ከዋኙ (ድምፃዊው) እና የድምፅ ቅጂ አዘጋጁም የራሳቸው መብት አላቸው። ይኸው አዋጅ የኢኮኖሚ መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ እንዲሆን ያዛል።

በተግባር ግን ጓደኛሞች ዘፈን የሚሠሩት በቃል ተማምነው ነው። ዘፈኑ ሳይሰማ ቢቀር ጠብ አይነሳም። ሚሊዮኖች ሲያደምጡት ግን ዜማው የማን ነው፣ ገቢው እንዴት ይካፈል የሚለው ጥያቄ ይመጣል፤ ያን ጊዜ ምስክር የሚሆን ወረቀት የለም። ክርክሩ ሲካረር ቪዲዮው ከመድረኩ ሊወርድ ይችላል፤ የድምፃዊውም የመጀመሪያ ዕድል አብሮ ይወርዳል። በስክሪን ላይ ስም መጻፍ ክብር ነው፤ የገቢ ድርሻን ግን አይወስንም።

ስለዚህ ነጠላ ዜማ የሚያወጣ ጀማሪ ከቀረጻው በፊት ሊያደርገው የሚገባ አንድ ቀላል ነገር አለ፤ የገጣሚውን፣ የዜማ ደራሲውን፣ የአቀናባሪውንና የራሱን ድርሻ በአንድ ገጽ ጽፎ ሁሉም እንዲፈርሙበት ማድረግ። አድማጭም የበኩሉ አለው፤ የወደደውን ዘፈን ከሌላ ሰው ቅጂ ትቶ በባለቤቱ ቻናል ያድምጥ።