ወደ ፒያኖ የሚመለሱ ጎልማሶች

ልጅ ሳሉ ፒያኖ ተምረው፣ በፈተና፣ በሥራ፣ በትዳር ወይም በስደት ምክንያት አቋርጠው ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመለሱ ሰዎች ከተማሪዎቼ ሁሉ ይከብዱኛል። ከሁሉም ይልቅ የምወደውም እነሱን ማስተማር ነው። ሕፃን የሰጡትን ይጫወታል፤ ቢበላሽም ብዙ አይከፋውም። ተመላሹ ግን በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሙዚቃ ሲሰማ ኖሯል። ጆሮው ጎልምሷል፤ ጣቱ ግን ትምህርቱን ባቋረጠበት ዕድሜ ላይ ቀርቷል፤ ያውም ዝጎ። ያወጣውን ድምፅ ራሱ ሰምቶ ራሱ ያፍራል። ተስፋ የሚያስቆርጠው ይህ በጆሮና በጣት መካከል ያለ ርቀት ስለሆነ፣ የትምህርቱ አደረጃጀትም ከዚያው ይነሣል።

በተለምዶ ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱንም አልወዳቸውም። አንደኛው የባየርን የጀማሪዎች መጽሐፍ አንሥቶ ከመጀመሪያው ገጽ መጀመር ነው። መሥሪያ ቤት የሚመራ የሃምሳ ዓመት ሰው በሦስተኛው ሳምንት ስብሰባ ይበዛበታል፤ በአምስተኛው ስልክ አያነሣም። ሁለተኛው መንገድ ያቆሙበትን ዘፈን መቀጠል ነው፤ ያም ብዙ ጊዜ የቤትሆቨን ‹ፉር ኤሊዝ› ነው። መግቢያውን ሁሉም ያስታውሰዋል። ዜማው ወደ ፋ ሜጀር ተሻግሮ ኖታዎቹ ሲጣደፉ ግን እጅ ይቆማል፤ ከዓመታት በፊትም የቆመው እዚያው ነበር።

በመጀመሪያው ቀን መጽሐፍ አልከፍትም። «የቀረዎትን ይጫወቱልኝ» እላለሁ። «ምንም የቀረኝ የለም» የሚሉ አሉ፤ ቁጭ ሲሉ ግን እጃቸው ራሱ መንገድ ይጀምራል። እኔ የማየው ሲጫወቱ ሳይሆን ሲሳሳቱ የሚያደርጉትን ነው። ሁሉም ማለት ይቻላል ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ። የእጅ ትዝታ ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ የሚቀጥለው አይገኝም። ስለዚህ በኖታው ላይ አራት አምስት ቦታ በእርሳስ ፊደል እጽፋለሁ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። «ከሐ ይጀምሩ» ስል ከሐ፣ «ከለ» ስል ከለ። ሁለት ሳምንት ይናደዱብኛል። ከዚያ በኋላ ግን ስሕተት አያስቆማቸውም፤ አልፈውት ይሄዳሉ።

ኖታ ማንበብን በተመለከተ ቀድሞ የሚጠፋው የግራ እጅ ነው። ዜማውን የሚይዘው ቀኝ እጅ ስለሆነ የላይኛው መስመር ይታወሳል፤ የታችኛው፣ ቤዝ ክሌፍ የምንለው፣ ይረሳል። ለዚህ በየትምህርቱ አሥር ደቂቃ አዲስና በጣም ቀላል ነገር አይተው ወዲያው እንዲጫወቱ አደርጋለሁ። የምጠቀመው የባርቶክን ‹ሚክሮኮስሞስ› ነው። በስድስት ቅጽ 153 ሥራዎች አሉት፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጾች ለልጁ ለፒተር ያበረከታቸው ቢሆኑም ድምፃቸው የሕፃን አይደለም፤ የጎልማሳን ጆሮ አያስከፉም።

እዚህ ላይ መምህራን የምንረሳውን ነገር ልጥቀስ፦ መነጽር። ለመጽሐፍ የተሠራ የንባብ መነጽር ለቅርብ ነው፤ ኖታ የሚቀመጥበት ቦታ ከዚያ ይርቃል። ባለ ሁለት መስታወት ያደረገ ሰው ደግሞ በታችኛው በኩል ለማየት አገጩን ያነሣል፤ አንገቱን ያመዋል፤ ጥፋቱን በፒያኖው ያመካኛል። የኖታውን ርቀት ለክታችሁ ለዓይን ሐኪም ንገሩ። ወንበሩም ክርን ከቁልፎቹ ጋር እኩል የሚሆንበት ከፍታ ላይ ይሁን።

የአንድ ሰዓት ትምህርት የምጀምረው ያለ ኖታ፣ በጥቁሮቹ ቁልፎች ነው። አምስቱ ጥቁር ቁልፎች ከፋ ሻርፕ ሲነሡ ትዝታ ሜጀርን ይሰጣሉ። ግራ እጅ ሁለት ድምፅ ይዞ ይቆያል፤ ቀኝ እጅ እንደፈለገ ይሄዳል። የሚነበብ ስለሌለ ጆሮና ጣት የሚቀራረቡት እዚህ ነው፤ ጎልማሳውም ከልጅነቱ የሚያውቀውን ቅኝት ያለ ልፋት ይሰማዋል። ወር ሲያልፍ ወደ አንቺ ሆዬ እንሻገራለን፦ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ። ይህ ጣትን በሰፊውም በጠባቡም ያሠራል፤ ከብዙ የስኬል ልምምድ ይሻለኛል።

ብዙዎች የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ሥራዎች ቶሎ ካልተጫወትን ይላሉ። ይገባኛል። እሳቸውም በግሸን ማርያም ገዳም ዓመታት አሳልፈው ወደ ፒያኖ የተመለሱ ናቸው። ሆኖም ቀላል የሚመስለው ጨዋታቸው በሜትሮኖም የማይያዝ የምት ነፃነት አለው፤ ጀማሪ እጅ ሲነካው ይፈርሳል። ለሁለተኛው ዓመት አቆየዋለሁ።

ከቅኝቱና ከንባቡ በኋላ የቀረው ጊዜ ለአንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ከእሱም ለስምንት ባር። እጅ ለየብቻ፣ ቀስ ብሎ፣ ያለ ፔዳል። ፔዳል ጥፋትን ይሸፍናል፤ ተመላሽ ደግሞ መሸፈን ይወዳል።

የቤት ልምምድን በተመለከተ የምከራከረው ከቅዳሜ ጋር ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሳይነኩ ቆይተው ቅዳሜ ሦስት ሰዓት መቀመጥ የእጅ አንጓ ያሳምማል፤ ትርፉም ትንሽ ነው። በቀን ሃያ ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ይበቃል። ያመመው ሰው በዚያ ቀን ያቁም፤ «ይለምደዋል» አይባልም።

ተመላሽን ከዜሮ ማስጀመር እንደማያስፈልግ የሙዚቃ ደራሲው ኤሪክ ሳቲ ምሳሌ ይሆነናል። ‹ዢምኖፔዲ› የተባሉትን የፒያኖ ሥራዎቹን በ1888 (እ.ኤ.አ.) ጽፎ ከጨረሰ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1905 ፓሪስ ውስጥ ስኮላ ካንቶረም የሚባል ትምህርት ቤት ገባ። ዕድሜው 39 ነበር። የገባው የጎደለውን ኮንትራፑንክት፣ ማለትም ዜማዎችን ጎን ለጎን የማስኬድ ጥበብ፣ ሊማር ነው፤ ማንም ዶ ሬ ሚ አላስጀመረውም።

ለመመለስ የምታስቡ አንባቢዎች፣ መምህር ስትመርጡ ከክፍያው በፊት «በመጀመሪያው ቀን ምን ያደርጉኛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ሳይሰማችሁ መጽሐፍ የሚያዛችሁ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።