ወልዲያ ፕሪሚየር ሊግ የገባ ሰሞን

በአሜሪካ ቤዝቦል አዲስ ቡድን ሊጉን የሚቀላቀለው ፈቃድ ገዝቶ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኒውዮርክ ሜትስ በመጀመሪያ ዓመቱ 120 ጊዜ ተሸንፎ፣ በ1969 ሻምፒዮን ሆኗል።

በእኛ አገር እግር ኳስ ግን ከታች ሊግ ታግሎ መውጣት ግድ ነው። የወልዲያ ክለብ በ2007 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ሲገባ፣ ወሎ የራሱን ቡድን ከእነ ቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር ሊያይ ቻለ። ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድ ሐይቅንና የአምባሰሏን ውጫሌን አቋርጦ ያልፋል፤ ስለዚህ የሐይቁም የአምባሰሉም ወጣት ጨዋታውን ለማየት አዲስ አበባ ድረስ መውረድ አላስፈለገውም፤ መኪና ይዞ መርሳን ማለፍ በቂ ነበር።

ደስታው ግን አልዘለቀም። ቡድኑ በዚያው ዓመት ወረደ።

በ2009 ተመለሰ። ጥር ላይ በሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስም የተሰየመው ስታዲየም ተመረቀ፤ ከ25 ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዝ፣ ለክፍለ ሀገር ከተማ ብርቅ የሆነ ሜዳ ነው። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር ላይ ግን ከመቀሌ ቡድን ጋር በነበረው ግጥሚያ ምክንያት የክለቡ ስም ሕይወት ከቀጠፈ ሁከት ጋር ተያይዞ ተነሳ። ይህ የክለቡ ታሪክ እጅግ አሳዛኝ ገጽ ነው፤ ሊደበቅም አይገባም። በ2010 ማብቂያ ወልዲያ ዳግም ወረደ።

የእነዚያን ዓመታት ፎቶና የጨዋታ ትኬት ያስቀመጣችሁ የሐይቅና የውጫሌ ደጋፊዎች፣ አትጣሉት፤ ለልጆቻችሁ አሳዩት።