ቡችላው የት ይደር?
በደማም ሙቀት ትልቅ ዝርያ ያለው ውሻን የማሳደግ አደራ

ስምንት ሳምንት የሞላው የጀርመን ሼፐርድ ቡችላ በሁለት መዳፍ የሚታቀፍ ለስላሳ ፍጥረት ነው። ወንዱ ሲጎለምስ ክብደቱ ከ30 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ የአናቶሊያ እረኞች የሚያረቡት ካንጋል ደግሞ ከ50 ኪሎም በላይ ሊመዝን ይችላል። በደማም አል ጀለዊያም ሆነ በኾበር እንዲህ ያለ ቡችላ ወደ አንድ ግቢ ሲገባ ዋጋውን የሚከፍለው ባለቤቱ ነው፤ ሌሊት ሲያለቅስ የሚነሡለት ግን ብዙ ጊዜ ዘበኛው፣ ሾፌሩ ወይም የቤት ሠራተኛዋ ናቸው። ከእነዚህ መካከል አማርኛ ተናጋሪዎች አሉ።

ውሻ በሳዑዲ ዓረቢያ ከተሞች ያለው ቦታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ2008 በሪያድ ውሾችንና ድመቶችን መሸጥም ሆነ በአደባባይ ይዞ መዘዋወር ተከልክሎ ነበር። በ2020 ደግሞ ኩዌታዊቷ ደላል አሕመድ ሰዎች ከውሾቻቸው ጋር ቡና የሚጠጡበትን ‹‹ዘ ባርኪንግ ሎት›› የተሰኘ ካፌ በኾበር ከፈቱ።

የከተማው ልማድ ቢለወጥም ሸሪዓዊው ጥያቄ በቦታው ነው። ለአደን፣ ለከብት ጥበቃ ወይም ለአዝመራ ካልሆነ በቀር ውሻ የሚይዝ ሰው ከመልካም ሥራው ምንዳ በየቀኑ እንደሚጎድልበት ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ ያስረዳል። በቀጢፍና በአል አሕሳ የቴምር እርሻዎች ወይም በበግ መንጋ ዘንድ የሚያድግ ውሻ ፈቃዱ ግልጽ ነው። ቤት ለመጠበቅ የሚያዘውንም በርካታ ዑለማዎች በቂያስ ከዚሁ ጋር አያይዘውታል። ለውበትና ለታይታ ብቻ የሚገዛው ግን ከዚህ ፈቃድ ውጭ ነው። የአሠሪውን ውሻ እንዲንከባከብ የታዘዘ ሠራተኛ ስለ ራሱ ጥርጣሬ ካደረበት የሚያምነውን ዓሊም ቢጠይቅ ይሻላል፤ ቡችላው ግን መልሱ እስኪመጣ ሳይበላና ሳይጠጣ መቆየት አይችልም።

ችግሩ የሚጀምረው ከማደሪያው ነው። ውሻ ባለበት ቤት መላእክት እንደማይገቡ የተዘገበውን ሐዲስ በማሰብና ለሶላት ንጽሕና በመጠንቀቅ ብዙ ቤተሰቦች ቡችላውን ሖሹ ላይ ያሳድሩታል። በክረምቱ ወራት ይህ ብዙም አይጎዳውም። በሐምሌና በነሐሴ ግን በባህረ ሰላጤው ዳርቻ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ወበቁም ይጨመርበታል። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልብም፤ የሚበርደው እያለከለከ ከምላሱና ከመተንፈሻው እርጥበት ሲተን ነው። አየሩ ራሱ በእርጥበት ሲሞላ ይህ መንገድ ይደክማል። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ የብረት ቀፎ በዚያ ሰዓት ምድጃ ነው፤ ሞተሩ የጠፋ መኪናም እንዲሁ። ስለዚህ ተገቢው ቦታ ከመኖሪያ ክፍሎችና ከመስገጃ የራቀ፣ ነገር ግን ማቀዝቀዣ ያለው ሙልሐቅ ወይም የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ቤተሰቡ ሃይማኖቱን ይጠብቃል፤ እንስሳውም አይሞትም።

በዚያ ክፍል የሚቀመጠው በዐረብኛ ‹‹ቀፈስ›› የሚሉት የሽቦ ሳጥን ነው። ብዙዎች እስር ቤት ይመስላቸዋል፤ በአግባቡ ሲለመድ ግን ለቡችላው ዋሻ ነው። ውሻ በተፈጥሮው ጠባብና ጥላ ያለው መተኛ ይወዳል፤ የሚተኛበትንም ላለማቆሸሽ ይጥራል። ሳጥኑ ቡችላው ቆሞ፣ ዞሮና ተዘርግቶ የሚተኛበት ያህል ይበቃዋል። ከዚያ ከሰፋ አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን መጸዳጃ ያደርገዋል። ትልቅ ዝርያ በፍጥነት ስለሚያድግ በየወሩ አዲስ ከመግዛት ይልቅ ትልቁን ገዝቶ በመከፋፈያ ማጥበብና ቀስ በቀስ ማስፋት ወጪ ይቆጥባል።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሩ አይዘጋም። ምግቡ ውስጥ ይቀመጥለታል፤ ገብቶ ይበላል፤ ይወጣል። ከዚያ እየበላ ሳለ በሩ ለአንድ ደቂቃ፣ ቀጥሎ ለአምስት፣ እያለ ይዘጋል። ሲያላዝን በቁጣ ሳጥኑን መምታት ያስተማሩትን ሁሉ ያፈርሳል፤ ሲያጠፋ ለቅጣት ማስገባትም እንዲሁ። ሽንት የመቋጠር አቅሙ በግምት በወር ዕድሜው ላይ አንድ ሰዓት ተደምሮ የሚገኘው ነው፤ የሁለት ወር ቡችላ ከሦስት ሰዓት በላይ አይችልም። ከዒሻእ በኋላ፣ እኩለ ሌሊት ላይና ለፈጅር ሲነሡ ማውጣት ለሰጋጅ ቤት የሚመች ሥርዓት ነው። ባለቤቶች ይህን ድካም ከሠራተኛው ሥራና እረፍት ጋር ሊያስቡት ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ የሠራን ሰው ሌሊቱንም የቡችላ ሞግዚት ማድረግ ፍትሕ አይደለም።

ድመትን አስራ ሳታበላትና ራሷ ፈልጋ እንዳትበላ ሳትለቃት ስለገደለቻት ሴት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የተናገሩት ማስጠንቀቂያ የታወቀ ነው። በሳጥኑና በዚያ እስር መካከል ያለው ልዩነት ውኃው፣ ምግቡ፣ ቅዝቃዜውና ሰዓቱ ነው። በሥራ ቀን ሙሉ ተዘግቶበት የሚውል ቡችላ፣ ሳጥኑ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ታስሯል። በሌላ በኩል በሱረቱል ማኢዳ የሠለጠኑ አዳኝ ውሾች የያዙት እንዲበላ መፈቀዱን ዑለማዎች ሲያብራሩ፣ ዕውቀት ለእንስሳ እንኳ ደረጃ እንደሚሰጥ ያመለክታሉ።

ምግቡን በተመለከተ የሚሠራው ስሕተት አብዛኛውን ጊዜ ከፍቅር የሚመጣ ነው። ቶሎ እንዲገዝፍ ማጨቅና ካልሲየም መጨመር የትልቅ ዝርያን አጥንትና መገጣጠሚያ ያበላሻል። ለትልቅ ዝርያ ቡችሎች የተዘጋጀውን ምግብ መጥኖ በቀን ሦስት ጊዜ መስጠት ይበቃል። አጥንቱ እስኪጠና፣ ማለትም እስከ ዓመት ወይም ዓመት ተኩል ድረስ፣ ደረጃ ማስሮጥና ረጅም ሩጫ አይመከርም።

ስለ ጦሃራ መዝሀቦች ይለያያሉ። ሻፊዒዮችና ሐንበሊዮች ውሻን በመላው ነጃሳ ይሉታል፤ ማሊኪዮች ንጹሕ ነው ይላሉ፤ በሐነፊዮች ዘንድ ሰውነቱ ሳይሆን ምራቁ ነጃሳ ነው። ለሥራው የተለየ ልብስና ጫማ መያዝ፣ የውሻውን ሳሕን ከወጥ ቤት ዕቃ ጋር አለመቀላቀል የትኛውንም መዝሀብ የሚከተለውን ሠራተኛ ያሳርፈዋል።

ክትባቱ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜ ይጀምርና በየሦስትና አራት ሳምንቱ እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት ይቀጥላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስተኛው ወር ገደማ ይሰጣል። ሠራተኛው ባለቤቱን የክትባት ደብተሩን እንዲያሳየው መጠየቁ ድፍረት አይደለም። ያልተከተበ ወይም የማይታወቅ ውሻ ከነከሰው ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ተቋም መሄድ አለበት፤ ጥርሱ የመርፌ ጫፍ ያህል ብቻ የሆነ ቡችላ ቢሆንም።