ጥፊውን ያጨበጨቡለት

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 2015 በፖሊስ ተይዞ ሳለ ተጎድቶ የሞተው ፍሬዲ ግሬይ ተቀበረ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ በአሜሪካዋ ባልቲሞር ከተማ ሞንዳውሚን የገበያ ማዕከል አካባቢ አንዲት እናት ፊቱን የሸፈነ የ16 ዓመት ልጇን ፖሊስ ላይ ድንጋይ ከሚወረውሩት መሀል ለየችው። በጥፊ አጮለችው፤ ሊሸሻት ሲል እየተከተለች ደገመችው። ቴሌቪዥን ቀርጾት ስለነበር በማግስቱ አገሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ እሷ ሆነ።

ብዙ ሰው አጨበጨበላት። የከተማዋ ፖሊስ ኮሚሽነር አንቶኒ ባትስም እንደ እሷ ልጆቻቸውን የሚቆጣጠሩ ወላጆች እንዲበዙ ተመኙ። እንደ ጸሐፊዋ ስቴሲ ፓተን ያሉት ግን የጥቁር ልጅ መመታት እንዴት የአገር ደስታ ይሆናል ሲሉ ሞገቱ።

እናቲቱ ራሷ የተናገረችው ግልጽ ነበር፦ ያላት አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ሌላ ፍሬዲ ግሬይ እንዲሆንባት አትፈልግም። ግሬይ የ25 ዓመት ወጣት ነበር። ኤፕሪል 12 ተይዞ በፖሊስ መኪና ሲወሰድ አከርካሪው ክፉኛ ተጎድቶ ከሳምንት በኋላ ሞተ። ያቺን እጅ ያነሣት እንግዲህ ፍርሃት ነው፣ የፖሊስ ፍርሃት። የፖሊስ አዛዥ ይህን እንደ መልካም አስተዳደግ ሲያወድስ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የሚጠበቀው መልስ በእናት ትከሻ ላይ ይወድቃል። ይህ ያስቆጣል።

ከባልቲሞር ብዙም በማትርቀው ሲልቨር ስፕሪንግ በርካታ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ከእነዚህ ቤተሰቦች ጋር የሚሠራ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ የሚሰማው ጥያቄ አለ፦ «እኛ ልጃችንን ብንነካ 911 ይደወልብናል፤ እሷን በአደባባይ ማመስገን ምን ማለት ነው?» በአሜሪካ በየትኛውም ግዛት ወላጅ ልጁን በቤቱ በመጠኑ መቅጣቱ በሕግ አልተከለከለም፤ ልጁ ከተጎዳ ግን የሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት ይገባበታል። ሕጉ ፈቀደ ማለት ደግሞ ይበጃል ማለት አይደለም። የተመታ ጎረምሳ ብዙውን ጊዜ የሚማረው ሁለተኛ እንዳይታይ መጠንቀቅን ነው። እንዲህ መደበቅ ከለመደ ደግሞ፣ በሁከት ቀን ልጁ የት እንዳለ ካለማወቅ የከፋ ነገር ለወላጅ የለም።

ፈረንሳይም ይህንኑ አይታለች። ጁን 27 ቀን 2023 የ17 ዓመቱ ናሄል በናንቴር ከተማ በፖሊስ ተተኩሶበት ሲሞት ሁከት ተነሣ፤ ፕሬዚዳንት ማክሮን ወላጆች ልጆቻቸውን ቤት እንዲያስቀሩ ጠየቁ። የኤሮ አውራጃ አስተዳዳሪ ኡግ ሙቱ ደግሞ መፍትሔው ሁለት ጥፊና ወደ አልጋ መስደድ ነው አሉ። አገሪቱ በ2019 ልጅን ለማሳደግ ተብሎ የሚፈጸም ዱላን በሕግ ከከለከለች ገና አራት ዓመቷ ነበር።

«ወላጆቻቸው የት ነበሩ?» የሚለው ወቀሳ አንድ ነገር ይዘነጋል። ያን ቀን በሞንዳውሚን ትምህርት ቤት ሲለቀቅ አውቶቡሶች ቆመዋል፣ የሜትሮ ጣቢያውም ተዘግቷል። እዚያ ትራንስፖርት ቀይረው ቤታቸው የሚገቡ ተማሪዎች የራስ ቁር ካጠለቀና ጋሻ ከያዘ ፖሊስ ፊት ለፊት ተገትረው ቀሩ።

ስለዚህ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያው ከቤተሰብ ጋር ሲቀመጥ ንግግሩን ከመንገድ ይጀምራል። አውቶቡስ ቢቋረጥ ልጁ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ ማን ቤት ገብቶ እንደሚጠብቅ፣ ስልኩ ቢዘጋበት በማን ስልክ እንደሚደውል ልጁ ባለበት ይጻፋል። ቀጥሎ ልጁ ያየውን እንዲናገር ይጠየቃል። አባት መሀል ገብተው «አንተ ዝም ብለህ ትምህርትህን ተማር» ሲሉ፣ ባለሙያው በአክብሮት «ጋሼ፣ ይጨርስ» ይላቸዋል።